ከኋላው ደጋፊ ጥርስ የሌለውን ተነቃይ ጥርስ ስለ ማቀድ

ለጥርስ ሐኪሞችና ለላቦራቶሪ ባለሙያዎች የቀረበ መመሪያ

የመጀመሪያው መንጋጋ ሕፃኑ ስድስት ዓመት ሲሞላው ማንም ሳያውቅበት ስለሚበቅልና ወላጆችም ብዙ ጊዜ የወተት ጥርስ መስሏቸው ስለሚተዉት፥ ከቋሚዎቹ ጥርሶች መካከል አዘውትሮ የሚቦረቦረውና የሚነቀለው እርሱ ነው፤ ጎረቤቶቹም መንጋጋዎች ተራ በተራ ሲከተሉት፥ ሰውዬው ለሽምግልና ሲደርስ የፊት ጥርሶቹ በቦታቸው ቆመው፥ ከኋላ ግን በአንድ ወይም በሁለት ወገን ባዶ ድድ ብቻ ቀርቶለት ወደ ሐኪም ይመጣል። ይህን ባዶ ስፍራ በተነቃይ ጥርስ መሙላት ለሚያየው ሁሉ ቀላል ሥራ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ከጥርስ ሕክምና የዕቅድ ሥራዎች መካከል ይህን ያህል ማስተዋልንና ትዕግሥትን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ባዶው ስፍራ ከፊቱም ከኋላውም ጥርስ ያለበት እንደ ሆነ፥ ተነቃዩ ጥርስ በሁለቱ ላይ ያርፋል፤ የማኘክ ኃይልም በእነርሱ በኩል ወደ አጥንት ይወርዳል። ከኋላ ጥርስ በሌለ ጊዜ ግን የፊተኛው ጫፍ በጥርስ ላይ፥ የኋለኛው ጫፍ በድድ ላይ ይተኛል፤ እነዚህም ሁለት ደጋፊዎች በባሕርያቸው እጅግ የተለያዩ ናቸው። ጥርስን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘው ጅማት ውፍረቱ በአማካይ 0.2 ሚሊሜትር ያህል ስለ ሆነ፥ ጤነኛ ጥርስ በማኘክ ጊዜ የሚሰምጠው ለዓይን በማይታይ መጠን ነው፤ አጥንቱን የሸፈነው ድድ ግን ብዙ ጊዜ 2 ሚሊሜትር ያህል ውፍረት ያለውና ለስላሳ በመሆኑ፥ በዚያው ኃይል ከጥርሱ ከአሥር እጅ በላይ ይሰምጣል። እንግዲህ አንድ ጫፉ በዓለት፥ ሌላው ጫፉ በረግረግ ላይ የተጋደመ የወንዝ መሻገሪያ ግንድ ሰው በረገጠው ቁጥር በረግረጉ በኩል እንደሚወርድና በዓለቱ በኩል እንደሚነቀነቅ፥ ይህም ጥርስ ታካሚው ባኘከ ቁጥር ከኋላ እየወረደ ከፊት ያለውን ደጋፊ ጥርስ ይነቀንቃል።

ብዙ ሰው ይህን መነቃነቅ በጠንካራ መያዣ ሊያስቆመው ይሞክራል። ነገር ግን መያዣው በጠነከረ መጠን በድድ ላይ የተኛው የተነቃዩ ጥርስ መደብ መፈንቅል፥ ደጋፊው ጥርስም ተፈንቃይ ይሆናል፤ ታካሚውም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተጨማሪ ጥርሶች አጥቶ ይመለሳል። ስለዚህ ይህ መመሪያ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚመክረው ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ ይኸውም የመደቡን እንቅስቃሴ ጨርሶ ማስቀረት የማይቻል ስለ ሆነ፥ ዐቃጁ አስቀድሞ ሊያስብ የሚገባው እንቅስቃሴው እንዴት እንደሚቀንስና የቀረውም ደጋፊውን ጥርስ ሳይጎዳ በየት በኩል እንዲያልፍ ነው።

ነገሩ ግልጥ እንዲሆን አንድ ዓይነት አፍ በዓይነ ኅሊናችን እንያዝ። ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የሚጠጋ አንዲት እናት አሉ እንበል፤ የላይኞቹ ጥርሶቻቸው ከሞላ ጎደል ደኅና ናቸው፤ በታችኛው መንገጭላ ግን ስድስቱ የፊት ጥርሶችና ከየክራንቻው ቀጥሎ ያለው የመጀመሪያው ቅድመ መንጋጋ፥ በጠቅላላው ስምንት ጥርሶች ብቻ ቀርተውላቸዋል። ከዚህ በታች ያለውን እያንዳንዱን እርምጃ በእኚህ እናት አፍ ላይ እየሞከርን እንሄዳለን።

አንደኛ፤ ተነቃዩ ጥርስ የሚያስፈልግ መሆኑን አስቀድመው ይመርምሩ

ባዶ ስፍራ ሁሉ መሞላት አለበት የሚል ሕግ የለም። በኔዘርላንድ አገር በናይሜኸን ያስተምሩ የነበሩት አርንድ ካይዘር እ.ኤ.አ. በ1981 ባወጡት ጥናት፥ መንጋጋዎቹን ያጣ ሰው የፊት ጥርሶቹና ቅድመ መንጋጋዎቹ በሁለቱም ወገን ተካክለው እየገጠሙ ቢቀሩለት፥ ለማኘክ የሚበቃ ኃይል እንደሚኖረው አሳይተዋል። እንዲህ ላለው ሰው ተነቃይ ጥርስ መጨመር ብዙ ጊዜ ቆሻሻ የሚጠራቀምበትን ስፍራ ማብዛት ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ታካሚው የሚያማርረው በማኘክ ነው ወይስ በመልኩ? ወይስ ባዶውን ስፍራ ማየት ያስቸገረው የሐኪሙን ዓይን ብቻ ነው? ይህን ጠይቀው መልሱን ሳያገኙ ልክ አይውሰዱ።

ሁለተኛው ጥያቄ በአጥንት ውስጥ የሚተከል ጥርስ የሚቻል መሆን አለመሆኑ ነው። በየወገኑ ከመደቡ ሥር ወደ ኋላ አንድ አንድ ትክል ቢቀመጥ፥ የኋለኛው ጫፍ ከድድ ይልቅ በጽኑ ነገር ላይ ስለሚያርፍ የችግሩ ትልቁ ክፍል ይቃለላል፤ አጥንቱና የታካሚው አቅም የሚፈቅዱ እንደ ሆነ ይህን ሥራው ከመጀመሩ በፊት ማስረዳት የሐኪሙ ግዴታ ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ ስለ ላይኛው መንገጭላ ነው። ኤልስዎርዝ ኬሊ እ.ኤ.አ. በ1972 እንደ ገለጡት፥ ላይኛው መንገጭላ ጥርስ አልባ ሆኖ ሙሉ ተነቃይ ጥርስ ሲለብስና የታችኞቹ የፊት ጥርሶች ብቻቸውን ሲገጥሙት፥ የላይኛው የፊት አጥንት እየሟሸሸ ይሄዳል፤ የኋላው ጉብታ ወደ ታች ያድጋል፤ የታችኞቹ የፊት ጥርሶችም ከቦታቸው ይወጣሉ። በእንዲህ ያለ አፍ ውስጥ የታችኛውን የኋላ ድጋፍ መተው ጉዳትን መጋበዝ ነው። የያዝናቸው እናት ግን በየወገኑ አንድ ቅድመ መንጋጋ ብቻ ስለ ቀረላቸውና ምግብ በፊት ጥርሶቻቸው ለማድቀቅ ስለ ተገደዱ፥ ተነቃይ ጥርስ የሚገባቸው ናቸው ብለን እንፈርዳለን።

ሁለተኛ፤ የአፉን ክፍል ይለዩ፤ ደጋፊዎቹንም ይመርምሩ

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ኬኔዲ እ.ኤ.አ. በ1925 ጥርስ የጎደለባቸውን አፎች በአራት ክፍል መድበዋቸዋል። በሁለቱም ወገን ከኋላ ጥርስ የሌለበት አንደኛው ክፍል፥ በአንድ ወገን ብቻ ከኋላ ጥርስ የሌለበት ሁለተኛው፥ በአንድ ወገን ሆኖ ከፊቱም ከኋላውም ጥርስ ያለበት ሦስተኛው፥ መካከለኛውን መሥመር ተሻግሮ የፊት ጥርሶች የጎደሉበት አራተኛው ነው። ኋላም አፕልጌት ስምንት ደንቦች ጨምረውበታል፤ ከነዚህም ውስጥ ለሥራችን ዋና የሆነው ክፍሉ የሚወሰነው መነቀል የሚገባው ጥርስ ከተነቀለ በኋላ ነው የሚለው ነው። የእናታችን አፍ እንግዲህ አንደኛው ክፍል ነው፤ ይህ መመሪያ የሚናገረውም ስለ አንደኛውና ስለ ሁለተኛው ክፍል ነው።

ከዚህ ቀጥሎ ሸክሙን የሚቀበሉትን ሁለቱን ቅድመ መንጋጋዎች አንድ በአንድ ይመርምሩ። ጥርሱን በሁለት መሣሪያ እጀታ መካከል ይዘው ይነቅንቁት፤ የድዱን ኪስ ጥልቀት በየማዕዘኑ ይለኩ፤ በራጅም ሥሩ በአጥንት ውስጥ ምን ያህል እንደ ተቀበረና በሥሩ ጫፍ ላይ ሕመም መኖር አለመኖሩን ይመልከቱ። ከድድ በላይ ያለው የጥርሱ ክፍል በአጥንት ውስጥ ከተቀበረው ከረዘመ፥ ያ ጥርስ ብቻውን ይህን ሸክም ለመሸከም አይታመንም፤ ከጎረቤቱ ጋር በክራውን ማያያዝ ወይም ድጋፉን ወደሚቀጥለው ጥርስ ማሻገር ይገባል።

ሦስተኛ፤ በሰርቬየር ይቃኙ፤ ዕቅዱንም በጀሶው ላይ ይሣሉ

የምርመራውን የጀሶ ቅርጽ በሰርቬየሩ ገበታ ላይ አስቀምጠው፥ ቀጥ ያለው ዘንግ በየጥርሱ ዙሪያ እንዲሄድ ያድርጉ። እርሳሱ የሚያሰምረው መሥመር የጥርሱን ሆድ ያመለክታል፤ ከዚያ በታች ያለው ስርጉድ ቦታ የመያዣው ጫፍ የሚገባበት፥ ከዚያ በላይ ያለው ደግሞ ጽኑ የሆነው ክፍል የሚያርፍበት ነው። በዚህ ጊዜ ሦስት ነገር ይወስናሉ፤ ተነቃዩ ጥርስ በየትኛው አቅጣጫ ገብቶ በየትኛው እንደሚወጣ፥ ከየትኛው ጥርስ ጎን ጥቂት መላግ እንደሚያስፈልግ፥ ስርጉዱም ለመያዣው የሚበቃ መሆኑን። የጀሶውን ገበታ ከልክ በላይ አጋድሎ የሌለ ስርጉድ ለመፍጠር መሞከር ከንቱ ነው፤ ምግብ ተነቃዩን ጥርስ የሚያነሣው በአብዛኛው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ስለ ሆነ፥ በጀሶው ላይ የተገኘው ስርጉድ በአፍ ውስጥ አይገኝም።

አራተኛ፤ ማረፊያውን በጥርሱ የፊት ጠርዝ ላይ ያድርጉ

የዕቅዱ ልብ ይህ ነው። ቀድሞ የነበረው ልማድ የብረቱን ማረፊያ ከባዶው ስፍራ አጠገብ፥ ማለት በቅድመ መንጋጋው የኋላ ጠርዝ ላይ አድርጎ፥ የመያዣውን ክንድ በጉንጭ በኩል ወደ ፊት አዙሮ ጫፉን ከጥርሱ ሆድ በታች ማስገባት ነበር። መደቡ ወደ ድዱ ሲሰምጥ ምን እንደሚሆን በልብዎ ይከተሉ። ብረቱ የሚዞረው በማረፊያው ላይ ነው፤ ከማረፊያው ወደ ኋላ ያለው ሁሉ ይወርዳል፥ ወደ ፊት ያለው ሁሉ ግን ይነሣል። የመያዣው ጫፍ ከማረፊያው ወደ ፊት ስላለ ወደ ላይ ይነሣና በጥርሱ ሆድ ሥር ይሰነቀራል፤ ጥርሱንም ወደ ኋላ፥ ማለት ጎረቤት ወደሌለበት ወደ ባዶው ስፍራ ይስበዋል። ይህም በየጉርሻው ይደጋገማል።

ክራቶችቪል እ.ኤ.አ. በ1963 ያስተማሩት ማረፊያውን ወደ ጥርሱ የፊት ጠርዝ ማሻገርን ነው። ያን ጊዜ የመዞሪያው ነጥብ ከመያዣው ጫፍ ፊት ይሆናል፤ መደቡ ሲወርድ የመያዣው ጫፍም አብሮ ይወርድና ወደ ቀጭኑ የጥርሱ ክፍል ገብቶ ጥርሱን ይለቅቀዋል። ማረፊያውም ጥርሱን የሚገፋው ወደ ፊት ስለ ሆነ፥ ከፊቱ ያለው ጽኑ ክራንቻ ይደግፈዋል። ከዚህም በላይ መዞሪያው ከመደቡ ስለሚርቅ፥ መደቡ በድዱ ላይ የሚወርደው ይበልጥ ቀጥ ብሎ ነው፤ ሸክሙም ጥርስ በሌለበት የአጥንት ሸንተረር ርዝመት ሁሉ በተሻለ ይከፋፈላል።

ለማረፊያው የሚቈፈረው ቦታ ሦስት ማዕዘን ያለው፥ ማዕዘኖቹ የለዘቡ ጎድጓዳ ይሁን፤ ስፋቱ በሁለቱ የጥርሱ ጫፎች መካከል ያለውን ርቀት እኩሌታ ያህል፥ በጠርዙ ላይ ያለው ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊሜትር ይሁን። ወለሉ ወደ ጥርሱ መካከል ያዘነበለ ካልሆነ ማረፊያው ከጥርሱ ላይ እየተንሸራተተ ሊያርፍበት የሚገባውን ጥርስ ይገፋዋል። የታችኛው የመጀመሪያ ቅድመ መንጋጋ በምላስ በኩል ያለው ጫፉ አጭር፥ ገጹም ወደ ምላስ ያዘነበለ ስለ ሆነ፥ በእርሱ ላይ ሲቈፍሩ ልዩ ጥንቃቄ ያድርጉ።

ማረፊያ ጨርሶ የሌለው፥ በሽቦ ብቻ የተያዘ የአክሪሊክ ጥርስ ዋጋው ርካሽ ስለ ሆነ ብዙ ጊዜ ይሠራል። ይህ የሚፈቀደው ለጊዜው ብቻ ነው፤ የሚያቆመው ነገር ስለሌለ ከዕለት ወደ ዕለት እየሰመጠ በጥርሶቹ አንገት ዙሪያ ያለውን ድድ ይልጣል።

አምስተኛ፤ የሚለቅ መያዣ ይምረጡ

አርተር ክሮል እ.ኤ.አ. በ1973 ካሻሻሉት ከክራቶችቪል ሥርዓት የምንወስደው ሦስት ክፍል ያለውን መያዣ ነው። የመጀመሪያው የተናገርንለት የፊት ማረፊያ ነው። ሁለተኛው በጥርሱ የኋላ ገጽ ላይ የሚገጥም ትንሽ ሳሕን ነው፤ ለዚህም የጥርሱን የኋላ ገጽ ከላይ በኩል ከ2 እስከ 3 ሚሊሜትር ከፍታ ባለው መጠን ቀጥ አድርገው ይልጉታል፤ ሳሕኑ ግን የሚነካው የዚህን ገጽ የታችኛውን 1 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ይህም መደቡ ሲሰምጥ ሳሕኑ ሳይሰነቀር እንዲወርድ ነው። ሦስተኛው ከድድ በኩል ቀጥ ብሎ የሚወጣ ቀጭን ዘንግ ሲሆን፥ ጫፉ በጉንጭ በኩል ባለው ገጽ መካከል ወይም ከመካከሉ ጥቂት ወደ ፊት፥ 0.25 ሚሊሜትር ጥልቀት ባለው ስርጉድ ውስጥ ይገባል። ዘንጉ በድዱ ላይ ሲሄድ ከድዱ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር ርቆ ይሂድ፤ ጠርዙንም ሲያቋርጥ ቀጥ ባለ ማዕዘን ያቋርጠው።

ይህ መያዣ ለሁሉ አፍ አይሆንም። በከንፈርና በድድ መካከል ያለው ጎድጓዳ ጥልቀት የሌለው ከሆነ፥ ወይም ድዱ ራሱ ከጥርሱ በታች ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ፥ ዘንጉ ከንፈሩን ያቈስላል፤ ምግብም ይሰበስባል። እንዲህ ሲሆን በጥርሱ ዙሪያ የሚሄድ፥ ከተጎተተ ሽቦ የተሠራ ክንድ ይጠቀሙ። ሽቦው ከቀለጠው ኮባልት ክሮሚየም ይልቅ በሁሉም አቅጣጫ ስለሚለመጥ፥ እስከ 0.5 ሚሊሜትር በሚደርስ ስርጉድ ውስጥ ገብቶ ሳለ እንኳ ለጥርሱ ይራራለታል።

ስድስተኛ፤ ሁለቱን ወገኖች በጽኑ ያያይዙ

የግራውንና የቀኙን ወገን የሚያያይዘው ብረት ፈጽሞ የማይለመጥ መሆን አለበት፤ የሚለመጥ ከሆነ በአንድ ወገን የሚመጣው የማኘክ ኃይል ሁሉ በዚያ ወገን ጥርስ ላይ ብቻ ይከመራል። ለታችኛው መንገጭላ የሚመረጠው በምላስ በኩል የሚያልፍ ዘንግ ነው። ይህን ለመወሰን ታካሚዋ ምላሳቸውን ከፍ አድርገው የላይኛውን ከንፈር በቀስታ እንዲነኩ ይንገሯቸው፤ በዚያው ሳሉ ከድዱ ጠርዝ እስከ አፉ ወለል ድረስ በድድ መለኪያው ይለኩ። ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ካገኙ ዘንጉ ይበቃል፤ 3 ሚሊሜትሩ በድዱ ጠርዝና በዘንጉ መካከል ባዶ የሚተው፥ ቢያንስ 4 ሚሊሜትሩ ደግሞ የዘንጉ የራሱ ከፍታ ነው። ከዚህ ያነሰ ከሆነ ዘንጉን ከማሳነስ ይልቅ የጥርሶቹን የምላስ ገጽ የሚሸፍን ሳሕን ይምረጡ።

በአንድ ወገን ብቻ ከኋላ ጥርስ የጎደለበት ሰው፥ ምላሱን እንዳይነካው ብሎ በዚያው ወገን ብቻ የሚቀር ትንሽ ጥርስ ቢለምንዎ እሺ አይበሉ። ወደ ሌላው ወገን ያልተሻገረ ጥርስ ጎንና ጎኑን የሚያቆመው የለም፤ ቢወልቅም በጉሮሮ ወይም በአየር ቧንቧ ሊገባ ይችላል።

እንደ ከረሜላ ያለ የሚጣበቅ ምግብ መደቡን ወደ ላይ ሲያነሣው፥ ጥርሱ በሁለቱ ማረፊያዎች ላይ በሚያልፈው የመዞሪያ መሥመር ዙሪያ ይገለበጣል። ይህን የሚከለክለው ከዚያ መሥመር ወደ ፊት በተቻለ መጠን የራቀ ሌላ ማረፊያ ነው። በእናታችን አፍ ይህ የሚሆነው በክራንቻዎቹ ላይ በምላስ በኩል ነው። የታችኛው ክራንቻ በዚያ በኩል ጠፍጣፋና ሽፋኑም ቀጭን ስለ ሆነ ከመቈፈር ይልቅ በኮምፖዚት ትንሽ እርከን መገንባት ይሻላል። በቀጥታ ባዘነበለው የክራንቻ ገጽ ላይ ማረፍ ግን ጥርሱን ወደ ከንፈር መግፋት ነው።

ሰባተኛ፤ አፉን በተራ ያዘጋጁ

ዕቅዱ በጀሶው ላይ ከተሣለ በኋላ፥ አስቀድሞ ድዱ ይጸዳ፤ የሚነቀለው ይነቀል፤ የተቦረቦረው ይሞላ። ቀጥሎ የጥርሶቹ ጎኖች ይላጉ፤ የማረፊያዎቹ ቦታ የሚቈፈረው በመጨረሻ ነው። ይህ ተራ ከተገለበጠ፥ ከማረፊያው በኋላ የሚደረገው መላግ የማረፊያውን ጠርዝ ያነሣዋል፤ የብረቱም አንገት የሚያልፍበት ቀጥነት ይበላሻል። የተላገውን ሁሉ አለስልሰው ፍሎራይድ ይቀቡት።

ስምንተኛ፤ ለጥርሱና ለድዱ ለየብቻ ልክ ይውሰዱ

በአንድ ልክ ጥርሱንም ድዱንም በትክክል መያዝ አይቻልም፤ ጥርሱ ሳይጫን፥ ድዱ ግን ሸክም በሚሸከምበት ቅርጽ መወሰድ ይፈልጋልና። ማክሊን እ.ኤ.አ. በ1936 ይህን ልዩነት አጉልተው ካሳዩ በኋላ፥ አፕልጌትና ሌሎችም ያስፋፉት ዘዴ የጀሶውን የኋላ ክፍል ቈርጦ መለወጥ ነው።

በመጀመሪያው ልክ የብረቱ አጽም ይሠራል፤ በሸንተረሩ ላይ የሚሄደው መረብ በታችኛው መንገጭላ የሸንተረሩን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሂድ፥ አክሪሊክም ከሥሩ እንዲገባ ከድዱ ጥቂት ከፍ ይበል። ብረቱ ከላቦራቶሪ ሲመጣ በአፍ ውስጥ ይሞክሩት፤ ማረፊያዎቹ ሁሉ ያለ ግፊት በቦታቸው ሳይቀመጡ ወደ ሚቀጥለው አይለፉ። ከዚያ በመረቡ ሥር የአክሪሊክ ትሪ ያስይዙ፤ ጠርዞቹን በማለስለሻ ቁሳቁስ በጉንጩና በምላሱ እንቅስቃሴ ይቅረጹ፤ በመጨረሻም በቀጭኑ ሲሊኮን ወይም በዚንክ ኦክሳይድና ዩጀኖል ልኩን ይውሰዱ።

እጅዎን የሚያሳርፉበት ቦታ የሥራው ሁሉ ቁልፍ ነው። ቁሳቁሱ እስኪደርቅ ድረስ ጣቶችዎ በማረፊያዎቹና በፊት ባለው ብረት ላይ ብቻ ይሁኑ፤ መደቡን ከኋላ አይጫኑት፤ ታካሚዋም እንዲነክሱ አይፍቀዱ። መደቡ ቢጫን የፊት ማረፊያዎቹ ይነሡና፥ ድዱም ሲለቀቅ የሚመለስ ስለ ሆነ፥ የተሠራው ጥርስ ሁልጊዜ በፊት በኩል ሳይቀመጥ ይቀራል። ከዚያ በላቦራቶሪ የአሮጌው ጀሶ የኋላ ክፍል ይቈረጣል፤ አንዱ ቍርጥ ከደጋፊው ጥርስ ጥቂት ወደ ኋላ አግድም፥ ሌላው በምላስ በኩል ቁም ይሄዳል። ብረቱ በቀሩት ጥርሶች ላይ በትክክል ተቀምጦ በሰም ከተጣበቀ በኋላ አዲስ ጀሶ ከልኩ ሥር ይፈሰሳል።

የመደቡ ስፋት ራሱ ድጋፍ ነው። በታችኛው መንገጭላ ከሸንተረሩ ጫፍ ይልቅ ሸክምን የሚችለው ወደ ጉንጭ በኩል ያለው ሰፊና ጠጣር አጥንት ነው፤ ስለዚህ መደቡ እስከ አጥንቱ ውጫዊ መሥመር ይድረስ፤ ከኋላም ከመጨረሻው መንጋጋ ስፍራ በስተኋላ ያለውን የድድ ጉብታ ይሸፍን። በላይኛው መንገጭላ የኋላውን የአጥንት ጉብታ ሁሉ መሸፈን አለበት። መደቡን ማሳጠር ለታካሚው ምቾት መስሎ ይታያል፤ ያው ኃይል በጥቂት ስፍራ ላይ ስለሚከመር ግን አጥንቱን ቶሎ ያሟሽሸዋል።

ዘጠነኛ፤ ጥርሶቹን በጥቂቱና በጠባቡ ይደርድሩ

የሚደረደሩት ጥርሶች ጠባብ ይሁኑ፤ ጠባብ ጥርስ ምግቡን በትንሽ ኃይል ይቈርጠዋልና። የመጨረሻው መንጋጋ ይቅር፤ ከባዱ ማኘክ በሁለተኛው ቅድመ መንጋጋና በመጀመሪያው መንጋጋ ስፍራ ላይ ይሁን፤ ሸንተረሩ ወደ ኋላ ሽቅብ በሚወጣበት ዳገት ላይ ግን አንድም ጥርስ አይቀመጥ፤ በዚያ የተቀመጠ ጥርስ መደቡን ወደ ፊት ያንሸራትተዋል። የአገጣጠሙን መዝገብ በብረቱ ላይ በተያያዘ የአክሪሊክ መደብ ይውሰዱ። ታካሚዋ ሲገጥሙ የሁለቱም ወገን ጥርሶች በአንድ ጊዜ ይነካኩ፤ የራሳቸው ጥርሶችም ተነቃዩ ጥርስ ሲገባና ሲወጣ እኩል ይገጣጠሙ።

ዐሥረኛ፤ አስረክበው አይተዉት፤ ይከታተሉት

ጥርሱ በሚሰጥበት ዕለት ከሥሩ የግፊት መጠቆሚያ ቀብተው ድዱን የሚቀጠቅጠውን ስፍራ ይላጉ፤ በማግስቱና በሳምንቱ እንደገና ይመልከቱ። ለታካሚዋ የሚነገረው ቃል አጭርና ግልጥ ይሁን፤ «እማማ፥ ማታ ሲተኙ አውልቀው ውኃ ውስጥ ያድርጉት፤ ድድዎ ሌሊት ይረፍ። በፈላ ውኃ አይጠቡት፤ በበረኪናም አይዘፍዝፉት። የቀሩትን ጥርሶች፥ በተለይ ብረቱ የሚነካቸውን፥ በመፋቂያም ይሁን በብሩሽ ከኋላቸው ጭምር ያጽዱ። ቆሎና የመሳሰለውን ለጊዜው ይተዉት፤ ሲለምዱት በሁለቱም ወገን ጥቂት በጥቂት ያኝኩ።» የፈላ ውኃ አክሪሊኩን ያጣምማል፤ በረኪና ደግሞ ኮባልት ክሮሚየሙን ይበላዋል።

ከዚያ ወዲያ በየስድስት ወሩ አንድ ምርመራ አይቅር። ጣትዎን በመደቡ የኋለኛ ጫፍ ላይ አድርገው ይጫኑ፤ ዓይንዎን ግን በክራንቻው ላይ ባለው ማረፊያ ላይ ያኑሩ። ማረፊያው ከጥርሱ 2 ሚሊሜትር ያህል ተነሥቶ ከታየ፥ ከመደቡ ሥር ያለው አጥንት ሟሽሿል ማለት ነው። ለማረጋገጥ ጥቂት ቀጭን አልጂኔት ከመደቡ ሥር አድርገው ጥርሱን በማረፊያዎቹ ላይ ያስቀምጡት፤ ሲደርቅ ከኋላ በኩል የሚገኘው ውፍረት 2 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ መደቡ እንደገና መሞላት አለበት። በሚሞላበትም ጊዜ ሕጉ ያው ነው፤ ጣቶች በማረፊያዎቹ ላይ ይሁኑ፥ ታካሚዋ አይንከሱ። ይህ ሙሌት ሳይደረግ ሲቀር በድዱ ላይ መውደቅ የነበረበት ሸክም ሁሉ በሁለቱ ቅድመ መንጋጋዎች ላይ ይወድቃል።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ በዚህ ሁሉ ውስጥ ከማናቸውም ስሕተት የሚከፋው ሐኪሙ ልክ ብቻ ወስዶ የቀረውን ለላቦራቶሪው መተዉ ነው። የላቦራቶሪው ባለሙያ የጥርሱን መነቃነቅ አልነካም፤ የድዱን ልስላሴ አላየም፤ የታካሚዋንም ምላስ አልለካም። ስለዚህ ሐኪም ከሆኑ ማረፊያውን፥ መያዣውን፥ የማያያዣውን ስፍራና የመደቡን ድንበር በራስዎ እጅ በጀሶው ላይ ይሣሉ፤ የላቦራቶሪ ባለሙያ ከሆኑም ዕቅድ ያልተሣለበትን ጀሶ አይቀበሉ፤ መልሰው ይላኩት።